ጣቃውን ማውረድ ያቃታቸው ልብስ ሰፊ፦ ስኳር ነው ወይስ የነርቭ ሽፋን ሕመም?

ጥያቄ፦ «አባቴ 58 ዓመታቸው ነው፤ ደሴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስኳር ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ፤ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 7.2 ነው። ባለፈው መስከረም እግራቸው የስፌት መኪናውን መርገጫ በደንብ እንደማይሰማው ነገሩኝ። በኅዳር ጣቃ ጨርቅ ከመደርደሪያ ማውረድ አቃታቸው። አሁን ግንቦት ላይ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም፤ ከበርጩማም ያለ ደጋፊ አይነሡም። መጀመሪያ ‹የስኳር ነርቭ ነው› ተብለው አምስት ወር የቫይታሚን ቢ መርፌ ተወጉ። ከዚያ የወገብ ኤምአርአይ ተነሥተው ‹ዲስክ አለ› ተባሉ። በመጨረሻ ሌላ ሐኪም ቤት የእግር ነርቭ ምርመራ ተደርጎላቸው ‹የተቀላቀለ ጉዳት› የሚል ውጤት ወጣ። ከጀርባቸው ፈሳሽ ተወስዶም ፕሮቲኑ 68 ስለሆነ ሲአይዲፒ የሚባል የነርቭ ሽፋን ሕመም ነው ተባለ። ነርስ የሆነች ዘመዳችን ደግሞ ‹የማይሊን በሽታ ከሆነ ኤምኤስ ነው፤ የአንጎል ኤምአርአይ ይነሡ› ትላለች። እኔ የምሠራው ዱባይ ነው። ህንድ ልላካቸው ወይስ መድኃኒቱ ይጀመርላቸው? ከጀርባቸው ፈሳሽ መወሰዱስ አባብሶባቸው ይሆን?»

ምላሽ፦ ከዘረዘሯቸው ወረቀቶች ሁሉ ይልቅ እኔን የሚመራኝ ጣቃው ነው። እግር መርገጫውን አልሰማ ማለቱ ብቻውን ቢሆን፣ ከስድስት ዓመት ስኳር በኋላ የሚያስገርም አይደለም። ስኳር በነርቭ ላይ የሚያደርሰው የተለመደው ጉዳት ከእግር ጣት ይጀምርና በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከድካም ይልቅ መደንዘዝና ማቃጠል ይበዛበታል። በሁለት ወር ውስጥ ትከሻ ደርሶ ሰውን ጣቃ አያስጥልም። በስምንት ወር ውስጥም ከበርጩማ መነሣት አይከለክልም። የትከሻና የዳሌ ጡንቻዎች ከእጅና ከእግር ጫፍ ጋር አብረው ሲደክሙ፣ ስሜትም አብሮ ሲጠፋ፣ ይህም በወራት ውስጥ ሲባባስ፣ ሐኪሙ ስለ ነርቭ ሽፋን ማሰብ አለበት።

ስለዚህ ሲአይዲፒን የጠረጠሩት ሐኪም ጥርጣሬያቸው ትክክል ነው። የደገፉበት ማስረጃ ግን ገና ደካማ ነው። ማስረጃውን ማጠንከር ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሚቻል እንጂ ህንድ ድረስ የሚያስኬድ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሕክምናው ሳይውል ሳያድር መጀመር አለበት።

በእኛ አነጋገር «ነርቭ አለበት» ሲባል ንዴቱም፣ ጭንቀቱም፣ የጀርባ ሕመሙም አብሮ ይጠቀለላል። እዚህ የምናወራው ከህብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ ክንድና እግር ስለሚወርዱት የዳር ነርቮች ነው። ፈጣኖቹ የነርቭ ክሮች ማይሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን ተጠቅልለዋል፤ ሽፋኑም በየመሃሉ ትንንሽ ክፍት ቦታዎች አሉት። መልእክት በክሩ ላይ እየተጎተተ አይሄድም። አባትዎ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳዩት የመኪና ስፌት፣ ከአንዱ ክፍት ቦታ ወደ ቀጣዩ እየዘለለ ያልፋል፤ በጤነኛ ሰው ክንድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ሽፋኑ ሲላጥ ዝላዩ ይዘገያል፤ አንዳንዱም መልእክት መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ሲአይዲፒ የምንለው የሰውነት መከላከያ ይህን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ከሁለት ወር ለሚበልጥ ጊዜ ሲያጠቃው ነው።

ዘመድዎን ያሳሳታቸው «ማይሊን» የሚለው ቃል ነው። ኤምኤስም ሽፋን ይልጣል፤ የሚልጠው ግን የአንጎልን፣ የዓይን ነርቭንና የህብለ ሰረሰርን ነው። የዚያን ሽፋን የሚሠሩት ሴሎች ሌሎች ናቸው፤ ሕመሙ ሌላ፣ መድኃኒቱም ሌላ። በኤምኤስ የጉልበት አጸፋ፣ ማለትም ጉልበት በመዶሻ ሲመታ እግር የሚፈናጠርበት ምላሽ፣ ብዙ ጊዜ ይበረታል፣ እግር ይገትራል። በሲአይዲፒ አጸፋው ይጠፋል፣ እግር ይልፈሰፈሳል። እርስዎ በገለጹት ሁኔታ የአንጎል ኤምአርአይ ንጹሕ ቢሆንም ሲአይዲፒን አያስቀርም፤ በዚህ ዕድሜ ስኳር ባለበት ሰው አንጎል ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ደግሞ ሌላ ፍርሃት ይፈጥራሉ። ገንዘቡን ለእርሱ አያውጡት።

የወገቡ ኤምአርአይም እንዲሁ ነው። በ58 ዓመት ወገብ ላይ «ዲስክ የለም» የሚል ውጤት ማየት ነው የሚገርመው። የወገብ ዲስክ የእግርን የነርቭ ሥር ሊጫን ይችላል፤ ትከሻን ግን አያደክምም። ሐኪሙ ከአንገት የሚመጣ የህብለ ሰረሰር መጨናነቅ ከጠረጠረ ጥያቄው ይለወጣል፤ ያን ጊዜም አጸፋው መበርታት እንጂ መጥፋት የለበትም።

አጸፋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ እርሱ አንድም ቃል የለም። ያቺ ትንሽ የጎማ መዶሻ ከብዙ ውድ ምርመራ ትበልጣለች። በወሎ፣ በጎንደርና በጎጃም በድርቅ ዓመት ጓያ አብዝተው የተመገቡ ሰዎች እግራቸው ይያዛል፤ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ከሩቅ ሲታዩ ከአባትዎ ጋር ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ጉልበታቸው ሲመታ ግን እግሩ ይፈናጠራል፤ ስሜታቸውም አይጠፋም፤ ጉዳቱ ከላይ፣ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር በሚወርደው መንገድ ላይ ነውና። የአባትዎ የጉልበት፣ የቁርጭምጭሚትና የክርን አጸፋ ሁሉ ከጠፋ ሲአይዲፒ ይበልጥ ይጠነክራል። የቁርጭምጭሚቱ ብቻ ጠፍቶ የክንዱ ደኅና ከሆነ፣ ያ ለስኳርም የተለመደ ነው። ክንዱም ጉልበቱም በደንብ እየመታ «ሲአይዲፒ ነው» የሚል ካለ እኔ አላምነውም።

አሁን ወደ ነርቭ ምርመራው። የምርመራው እምብርት ይህ ነው፤ በአባትዎ ላይ የተበላሸውም ይኸው ይመስለኛል። የተመረመረው እግር ብቻ ነው ብለዋል። ስድስት ዓመት ስኳር የኖረበት እግር ስለ ሽፋን ለመመስከር ጥሩ ምስክር አይደለም፤ ክሩ ራሱ ሞቶ ይሆናልና። የነርቭ ክሮች ሲሞቱ መጀመሪያ የሚታየው፣ ነርቩ በኤሌክትሪክ ሲነቃ የሚሰጠው ምላሽ ከፍታ መቀነስ ነው። ፈጣኖቹ ክሮች አብረው ስለሚጠፉ ግን ፍጥነቱም በመጠኑ ይወርዳል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ «የተቀላቀለ»፣ ማለትም የክርም የሽፋንም ጉዳት፣ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ «መለየት አልቻልንም» የሚል ትርጉም አለው፤ «ግማሽ ሲአይዲፒ» ማለት አይደለም።

የሽፋን ጉዳት ተብሎ የሚቆጠረው መቀነስ ትልቅ ነው። የአውሮፓ የኒውሮሎጂ አካዳሚና የዳር ነርቭ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ፍጥነቱ ከጤናማው ዝቅተኛ ወሰን ቢያንስ 30 በመቶ መውረድ አለበት፤ ያውም በሁለት ነርቮች ላይ። የቤተ ሙከራው ዝቅተኛ ወሰን ለእግር 40 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ከ28 መብለጥ የለበትም፤ ለክንድ 50 ከሆነ ከ35። 37 ወይም 38 የሚል የእግር ቁጥር በስኳር ታማሚ ላይ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ከፍጥነት ሌላ ሁለት ምልክቶችን ከሁሉ አስበልጬ እፈልጋለሁ። አንደኛው መዘጋት ነው፦ ነርቩ የእጅ አንጓ ላይ ሲነቃ ጡንቻው ጠንካራ ምላሽ ይሰጣል፤ ክርን ላይ ሲነቃ ግን ምላሹ በጣም ያንሳል፤ መልእክቱ ክንድ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሁለተኛው መበታተን ነው፦ አንዱ ክር ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ፣ አንድ ላይ መድረስ የነበረበት ምላሽ ተሰባብሮና ተራዝሞ ይመጣል። ስኳር እነዚህን ሁለቱን በተለመደው መንገዱ አያመጣም። በዘር የሚወረሰው የሽፋን ሕመምም አብዛኛውን ጊዜ ነርቮችን ሁሉ እኩል ያዘገያል እንጂ እዚህም እዚያም አይዘጋም።

ስለዚህ ምርመራው ይደገም፤ በሁለቱም እጆችና በሁለቱም እግሮች፣ ክርንና ከዚያም በላይ እያነቁ፣ ወደ ነርቭ ሥር ደርሶ የሚመለሰውን ምላሽ ጨምሮ፣ የስሜት ነርቮችንም አካትቶ። አንድ ቀላል ነገር ደግሞ አይረሳ፦ እጅና እግራቸው ይሙቅ። የቆዳ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ሁለት ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። በክረምት ጠዋት እግሩ በረዶ ሆኖ መጥቶ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ተመርምሮ «ሽፋኑ ተልጧል» የተባለ ሰው አጋጥሞኛል። በሞቀ ውሃ እግሩን ነክረን ስንደግመው የፍጥነቱ ችግር ከቅዝቃዜው ጋር አብሮ ጠፋ። መዳፍ ቢያንስ 33፣ ቁርጭምጭሚት ቢያንስ 30 ዲግሪ መሆን አለበት።

ይህን ያህል የምጨነቀው በከንቱ አይደለም። ሲአይዲፒ ብርቅ ነው፤ እንደ ጥናቱና እንደ መለያ መስፈርቱ ከ100,000 ሰው ከአንድ እስከ ዘጠኝ በሚደርሱት ላይ ይገኛል። የስኳር ነርቭ ጉዳት ግን በየመንደሩ አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ ጥናት ሲአይዲፒ ተብለው ከተላኩ ታካሚዎች 47 በመቶው መስፈርቱን አላሟሉም። ለስሕተቱ ምክንያት ሆነው ከተገኙት መካከል በነርቭ ምርመራው ላይ የታየ መለስተኛ መዘግየት፣ በጀርባ ፈሳሽ ላይ የታየ መለስተኛ የፕሮቲን መጨመር፣ ከሕክምና በኋላ የታካሚው «ተሽሎኛል» ማለት ይገኙበታል። ሁለቱ በአባትዎ መዝገብ ላይ አሉ። ተቃራኒው ስሕተትም ያንኑ ያህል ከባድ ነው፤ ሁሉንም ነገር ለስኳር ሰጥቶ መድኃኒት ያለውን ሕመም ማሳለፍ። አምስት ወር መርፌ ሲወጉ የሆነው ይህ ሊሆን ይችላል።

የጀርባ ፈሳሹ 68 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው እንበል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከ60 በታች ብዙ ትርጉም አይሰጠውም፤ 68 ወሰኑን በጥቂቱ ተሻግሯል። ስኳርም፣ የወገብ መጥበብም ይህን ያህል ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ደጋፊ ነው እንጂ ፈራጅ አይደለም። እኔ ይበልጥ የማየው የሴሎቹን ቁጥር ነው፤ እርሱን አልጻፉልኝም። በሲአይዲፒ ሴሎቹ አምስት እንኳ አይሞሉም ማለት ይቻላል። ከ10 ከበለጡ ኤችአይቪን፣ ሌላ ተሐዋሲን ወይም የሊምፍ ካንሰርን መፈለግ ግድ ነው። ኤችአይቪ ራሱ እንዲህ ያለ የሽፋን ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል፣ ፈሳሹ ንጹሕ ቢሆንም ምርመራው ይደረግ፤ በ58 ዓመት አባት ላይ ለመጠየቅ ማፈር ለማንም አልጠቀመም።

ከጀርባቸው ፈሳሽ መወሰዱ አላባባሰባቸውም። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካበቃበት ቦታ በታች፣ በወገብ በኩል ነው፤ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ሥሮች ብቻ አሉ። ለጥቂት ቀናት ሲነሡ የሚብስ ራስ ምታት የተለመደ ነው፤ ሽባነት ግን አይደለም። አባትዎ የደከሙት ሕመሙ ከመስከረም ጀምሮ መንገዱን ስለቀጠለ ነው። ይህ ፍርሃት በአገራችን ስንቱን ከምርመራ አስቀርቷል።

ደም ላይ የሚቀሩ ነገሮች አሉ። ከሁሉ በላይ የምጠይቀው የደም ፕሮቲን መለያ ምርመራ ነው። ከመቅኒ የሚወጣ አንድ ዓይነት ያልተለመደ ፕሮቲን ከተገኘ የበሽታው ስምም ሕክምናውም ይለወጣል። በተለይ እግር ካበጠ፣ ቆዳ ከጠቆረ፣ ክብደት በፍጥነት ከወረደ፣ ሕመሙም የሚያሠቃይ ከሆነ፣ ሲአይዲፒን መስሎ የሚመጣ፣ የአጥንት ውስጥ ዕጢ የሚያስከትለው ሕመም አለ፤ እርሱን የሰውነት መከላከያን በሚያበርድ መድኃኒት፣ በስቴሮይድ፣ ብቻ ማከም ጊዜ ማጥፋት ነው። የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ አብሮ ይሠራል። ቢ12ም እንዲሁ፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ያሳንሳል። ችግሩ መርፌው ከተጀመረ በኋላ የሚለካው ቁጥር የሚዋሽ መሆኑ ነው፤ ከመርፌው በፊት የተወሰደ ውጤት ካለ ይፈልጉት። መርፌውም አሁን ይቁም ወይም ምን እንደያዘ ይጣራ። ብዙዎቹ የቢ ቅልቅሎች ቢ6 አላቸው፤ ቢ6 ሲበዛና ሲራዘም ራሱ የስሜት ነርቭን ይጎዳል። «ቫይታሚን ምን ይጎዳል» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም።

ለቲቢ መድኃኒት ወስደው ያውቁ እንደሆነም ይጠይቁ፤ አይሶናያዚድ ነርቭ ይጎዳል። በእኛ አገር የሥጋ ደዌም አይዘለል፤ ቆዳ ላይ ስሜት ያጣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ቦታ፣ ክርን አጠገብ እንደ ገመድ የወፈረ ነርቭ ካለ፣ አለርት ሆስፒታል ዓይናቸው የለመደ ሐኪሞች አሉት። ያ ሕመም ግን በጥቅሉ አጸፋን አያጠፋም፤ ትከሻንም አያደክምም። በዘር የሚወረሰውን ለማጣራት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ የአባትዎንና የወንድሞቻቸውን እግር ይመልከቱ። ከልጅነት ጀምሮ ከመሃል የቆለመመ ውስጥ እግርና የታጠፉ ጣቶች ካሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር። ጊላን ባሬ የሚባለው የሲአይዲፒ የቅርብ ዘመድ በአራት ሳምንት ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ሲአይዲፒ ከስምንት ሳምንት በላይ መባባሱን ይቀጥላል፤ ወይም እየተሻለ እየተመለሰ ይሄዳል። ከመቶ ታማሚ አምስት እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑት እንደ ጊላን ባሬ በድንገት ይጀምራቸዋል። የአባትዎ ሕመም ከመስከረም እስከ ግንቦት እየባሰ መሄዱ ይህን ጥያቄ ዘግቶታል።

ምርመራው ሽፋኑ መላጡን ካረጋገጠ፣ መንገዶቹ ሦስት ናቸው፦ ስቴሮይድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከሰው ደም የሚዘጋጅ ፀረ እንግዳ አካል)፣ ፕላዝማ (የደም ፈሳሹን ክፍል) መለወጥ። ሦስቱም እንደሚሠሩ ተረጋግጧል፤ ከአምስት ታማሚ አራቱ ገደማ ቢያንስ በአንዱ ይሻላቸዋል። ኢሚውኖግሎቡሊን ቶሎ ይሠራል፣ ስኳርም አይጨምርም። መጠኑ ግን መጀመሪያ በኪሎ ሁለት ግራም ነው። አባትዎ 70 ኪሎ ቢሆኑ 140 ግራም ያስፈልጋል፤ አሥር ግራም የሚይዝ ጠርሙስ አሥራ አራት። ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ግማሹ። አንድ ዙር ገዝቶ ማቆም ለጥቂት ሳምንታት መሻሻል ብዙ ገንዘብ መክፈል ነው፤ በአንድ ዙር አልሠራም ብሎ መፍረድም አይቻልም። ኩላሊት የደከመበትና ደም የመርጋት ታሪክ ያለበት ሰው ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የእኔ ምርጫ፣ ቤተሰቡ ቢያንስ የሦስት ወር ኢሚውኖግሎቡሊን ያለ ብድር መግዛት ካልቻለ፣ ስቴሮይድ ነው፤ ያለ ማመንታት። በየወሩ ለአራት ቀን 40 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን፣ ለስድስት ወር፤ ወይም በየቀኑ ወደ 60 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ጀምሮ ቀስ እያሉ መቀነስ። የትኛው እንደሚስማማ ሐኪማቸው ይወስናል። ስኳራቸው እንደሚወጣ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ለጥቂት ወራት ኢንሱሊን ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ፈርቶ ሕክምናውን መተው ግን የባሰ ስሕተት ነው። ሽፋን ተመልሶ ይበቅላል፤ ለረጅም ጊዜ የተላጠ ክር ግን ራሱ ይሞታል፤ የሞተ ክር የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ርቀት አስቡት።

ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮች ይጣሩ። ቲቢ፣ የደረት ራጅን ጨምሮ። ሄፓታይተስ ቢ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው፣ ከአፈር በባዶ እግር የሚገባ የአንጀት ትል። ለዓመታት ዝም ብሎ ይኖርና ስቴሮይድ ሲገባ በሰውነት ሁሉ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። የሰገራ ምርመራው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ያመልጣል፤ ሐኪሙ በጥርጣሬ ብቻ መድኃኒቱን አስቀድሞ ቢሰጥ ትክክል ነው። ስቴሮይዱን አባትዎ በራሳቸው ፈቃድ በድንገት አያቁሙ።

እንዲሁም ስቴሮይዱ ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በፊት ጥንካሬያቸው ይለካ። አሥር ሜትር ለመራመድ ስንት ሰከንድ ፈጀባቸው? ከወንበር በእጃቸው ሳይደገፉ ስንት ጊዜ ተነሡ? ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ ስንት ሰከንድ ይዘው ቆዩ? የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ስንት ጊዜ ወሰደባቸው? ሐኪም ቤቱ የጭብጥ ኃይል መለኪያ ካለው በሁለቱም እጅ ይጻፍ። ይህ ሁሉ በየወሩ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ደብተር ላይ። ስቴሮይድ መንፈስን ስለሚያነቃ «በረታሁ» ያሰኛል፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ ግን ነርቩ አልተሻለም። በስቴሮይድ ለውጥ ለማየት እስከ ሦስት ወር ይጠበቅ። ከዚያ በኋላም ምንም ከሌለ፣ መጠኑን ከመጨመር በፊት የበሽታው ስም እንደገና ይጠየቅ። በክፍት ቦታዎቹ ዳር ሽፋኑ ከክሩ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት የሚያመጡት ሕመም አለ፤ በፍጥነት ይብሳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሲራመዱ ያንገዳግዳል፣ ፕሮቲኑም በጣም ይወጣል፤ ኢሚውኖግሎቡሊን እምብዛም አይረዳውም፣ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት ይረዳዋል። የ2021 መመሪያ ይህን ከሲአይዲፒ ለይቶታል። ስሜት ሳይነካ እጅ ብቻ፣ ያውም አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚደክምበት ሌላም ሕመም አለ፤ እርሱን ስቴሮይድ ያባብሰዋል። የአባትዎ እግር ስሜት ማጣቱ ከዚህ ያርቃቸዋል።

ወደ ህንድ የመላክ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በደንብ የተሠራ የአራቱም እግርና እጅ ነርቭ ምርመራ አሁንም ካልለየ፣ ወይም ትክክለኛ ሕክምና ሦስት ወር ተሰጥቶ ካልሠራ፣ ወይም እዚህ የማይሠራ የደም ምርመራ ካስፈለገ። ለዚያም ቢሆን ሰውዬውን ከማጓዝ በፊት የደም ናሙናውን መላክ ይቻል እንደሆነ ይጠየቅ። አሁን የምመክረው ከደሴ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡና ጥቁር አንበሳ ወይም የነርቭ ስፔሻሊስት ያለበት ሌላ ሆስፒታል እንዲታዩ ነው። መተንፈስ ከከበዳቸው፣ ትራስ ደርበው ካልተኙ እንቅልፍ ከነሣቸው፣ ምራቅ መዋጥ ካቃታቸው ወይም በቀናት ውስጥ መቆም ከተሳናቸው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እስከዚያ ድረስ የቀድሞውን የነርቭ ምርመራ ይዘው ይምጡ። አብዛኛው ሰው «የተቀላቀለ ጉዳት» የሚል አንድ መስመር የሰፈረበትን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ቁጥሮቹና ሞገዶቹ ያሉበትን ገጽ ነው። ከሌለ ከሠሩበት ቦታ ይጠይቁ፤ በማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።